የአባቴ ቤትና የጎረቤት ቁንዶ በርበሬ

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ መቀሌ ያለችው ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርሰኝ «ሓፍተይ፣ የእናታችን መኝታ ቤት ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ ትንሿ ጣቴ ትገባበታለች» አለችኝ።

አርባ ዓመት ገደማ በነርስነት የሠራ ሰው ጡረታ ቢወጣም ልማዱን አይተውም። «ከመቼ ጀምሮ? በየት በኩል ጀመረ? እየሰፋ ነው ወይስ ቆሟል?» ብዬ ጥያቄዬን ደረደርኩ። እሷ ግን ምርመራውን ቀድማ ጨርሳለች። «የአደይ ዛፍ ነው። ሥሩ ከቤታችን ሥር ገብቷል» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከጥምቀት ወዲህ ከጎረቤታችን ጋር እንደማይነጋገሩ ነገረችኝ።

እውነቱን ለመናገር ከግድግዳው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኼኛው ነው። ሁለቱ ቤቶች ሃምሳ ዓመት በአንድ አጥር ተዋስነው የኖሩ ናቸው። ጎረቤታችንን ስማቸውን ጠርተን አናውቅም። በትግርኛ «አደይ» ማለት «እናቴ» ማለት ነው፤ ለእኛ እሳቸው ከልጅነታችን ጀምሮ አደይ ብቻ ናቸው። ከእናታችን ጋር አንዱ ቤት ቡና ሲያልቅ ሌላው ቤት እየተጠጣ ኖሯል። እናቴን ያስታመሙ፣ የቀበሩም እሳቸው ናቸው። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ።

ከፋሲካ በኋላ፣ በግንቦት መጀመሪያ ሄድኩ። ድሮ ይህን መንገድ በአውቶቡስ፣ በደሴ፣ በወልዲያ፣ በማይጨው አድርገን ሁለት ቀን እንጓዝበት ነበር። አሁን ጉልበቴ ስለማይችል በአውሮፕላን፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስኩ። ከመስኮት ሲታይ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ገበሬው ዝናብ ይጠብቃል። ወደ ከተማው ስንወርድ የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ታየኝ። በ1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች ምሽግ የሠሩበት ቦታ ነው። ያን ምሽግ ያስለቀቀው መድፍ ብቻ አልነበረም። የእቴጌ ጣይቱ ሰዎች ምንጩን ያዙባቸውና ውሃ ጥም አሸነፋቸው። ልጅ ሆነን አባታችን በዚያ ባለፍን ቁጥር ይህን ሳይናገር አያልፍም ነበር። «መቀሌ ውስጥ ውሃ የያዘ ሁሉን ያዘ» ይል ነበር። ይህ አባባሉ በሰባተኛው ቀን ትዝ ይለኛል፤ እደርስበታለሁ።

መቀሌ የድንጋይ ከተማ ናት። የአፄ ዮሐንስ 4ኛን ቤተ መንግሥት ያየ ይህን ያውቃል። ጣሊያናዊው ናሬቲ ያንን የሠራው በ1870ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስም ተራው ሰው ቤቱን የሚሠራው በዚያው በአካባቢው የኖራ ድንጋይ ነበር። አባቴ ጨው ነጋዴ ነበር። ከአፋር ምድር በበራህሌ በኩል በግመል የሚመጣውን አሞሌ መቀሌ ላይ ተቀብሎ ወደ ሌላ አገር የሚልክ። ቤታችንን በ1964 ዓ.ም. ያሠራው በዚያ ገንዘብ ነው፤ ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ፣ ኋላ በሲሚንቶ የተለሰነ። ድንጋዮቹ ውስጥ የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርጽ አለ። ይህ አገር እጅግ በጥንት ዘመን የባሕር ወለል ስለነበረ ነው። እኛ ልጆቹ ግን ይህን ስለማናውቅ በምስማር እየፈነቀልን ለማውጣት ስንታገል አባታችን «ቤቴን ልታፈርሱ ነው!» እያለ ያባርረን ነበር። በዚህ ጉዞ ስደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር አንዷን ቀንድ አውጣ መፈለግ ነው። አለች፤ ከበሩ በስተግራ።

ስንጥቁን አየሁት። ከመስኮቱ ታችኛ ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ እያለ ወደ ቤቱ የደቡብ ማዕዘን ይወርዳል። እህቴ አላጋነነችም። የእህቴ ልጅ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና ተምሮ የተመረቀ ነው፤ ማስመሪያ አምጥቶ ለካው፤ በሰፊው ቦታ 9 ሚሊ ሜትር። እንዳስረዳኝ ከሆነ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ልስኑ ሲደርቅ የሚመጣ ነው፤ አያስጨንቅም። እንዲህ ሰያፍ ሆኖ ከመስኮትና ከበር ጥግ የሚነሣ፣ በር መዝጋት የሚከለክል፣ ከውስጥም ከውጭም የሚታይ ግን ከታች ያለው መሬት እንደተንቀሳቀሰ ይናገራል።

«ስንት ጊዜ ለክታችሁታል?» አልኩት። አንድ ጊዜም አልለኩም። ሁሉም አይቷል፣ ሁሉም ደንግጧል፣ የለካ የለም። እኔ ደግሞ የሕፃን ክብደት በየወሩ ካርድ ላይ ሳልጽፍ «ከሳ» ወይም «ወፈረ» እንዳልል ተደርጌ ነው የተማርኩት። በስንጥቁ ግራና ቀኝ አንዳንድ ምስማር አስመታሁና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በእርሳስ ከነቀኑ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። ልጁ ደግሞ ጀሶ በጥብጦ በሁለት ቦታ በስንጥቁ ላይ አሻግሮ ለጠፈ። ቤቱ መንቀሳቀሱን ካላቆመ ጀሶው ይሰበራል ማለት ነው። ቤታችሁ የተሰነጠቀባችሁ ወላጆች ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ፤ ምንም ወጪ የላትም።

ዛፉን ደግሞ ላስተዋውቃችሁ። ቁንዶ በርበሬ ነው። ወጥ ውስጥ የሚገባው ቅመም አይደለም፤ ስሙን ያገኘው ፍሬው ያንን ስለሚመስል ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ድርቅ ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፣ ቅርንጫፉ እንደ ሹሩባ ይዘናፈላል። ለዚህ ነው መቀሌ ውስጥ በየመንገዱና በየግቢው የሚታየው። ገጠር ጤና ጣቢያ በሠራሁበት ዘመን እናቶች ዝንብ እንዲያባርርላቸው ቅርንጫፉን በር ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። ግቢ ጠራጊ ግን አይወደውም፤ ቅጠሉና ፍሬው አያልቅም።

ይህኛውን የተከለው የአደይ ልጅ ነው። አንደኛ ክፍል የገባ ዓመት ከትምህርት ቤት በቆርቆሮ ጣሳ ችግኝ ይዞ መጣና ከአጥራችን ሁለት ክንድ ርቆ ተከለው። ያን ጊዜ ማንም ቀረብህ ያለው የለም። ችግኝ እኮ ጣት የምታህል ነገር ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቆይታ ምን እንደምትሆን የሚያስብ ማን ነው? ልጁ አድጎ፣ ሥራ ይዞ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ከሄደበት አልተመለሰም። አደይ ስለ እሱ ሲናገሩ እስከ ዛሬ «ይላል» እንጂ «ይል ነበር» አይሉም።

በሁለተኛው ቀን ማታ የእህቴ ልጅ ከዚህ በፊት የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። መብራት፣ ስልክና ባንክ በተቋረጠበት በዚያ ክፉ ጊዜ የከተማው ሰው የሚያበስልበት አጥቶ ነበር። በየቦታው ዛፍ ተቆረጠ፣ ከሰል ሆነ። የአደይን ዛፍ ግንዱን ለመግዛት የመጡ ነበሩ። እሳቸው ገንዘብ ቸግሯቸው ሳለ አልሸጡም። ነገር ግን ቅርንጫፉን ለሰፈሩ ፈቀዱ። በተራ፣ ለአንድ ቤት አንድ ቅርንጫፍ። እህቴም በዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ ለልጆቿ እንጀራ ጋግራለች። ስልክ ስላልነበረ እኔ በዚያ ወቅት ምን እንደሚበሉ እንኳ አላውቅም ነበር። ዛፉ እስከ ግንዱ ተመልምሎ ቀርቶ ሰላም ሲሆን እንደገና አቆጠቆጠ፤ እንዲያውም ከበፊቱ በለጠ።

«ታዲያ ይህን እያወቅሽ ነው የተኳረፍሽው?» አልኳት እህቴን። «እያወቅኩ ነው። ግን ቤቱ እየፈረሰ ነው፣ ሓፍተይ። ምን ላድርግ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እዚህ ላይ ስለ አፈሩ ማወቅ ይጠቅማል። መቀሌ ድንጋይ ብቻ አይደለችም። በድንጋዩ መካከል ሸክላማ የሆነ ንብርብር አለት አለ፤ የመሬት ሳይንስ ሰዎች ከመቀሌ ሰሜን ባለችው ከተማ ስም «የአጉላዕ ሼል» ይሉታል። በዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ጥቁሩ አፈር አለ። ትግሬው «ዋልካ»፣ ሸዌው «መረሬ» የሚለው። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ እጅ እስኪገባ ይሰነጠቃል። ገበሬ ለጤፍና ለሽምብራ ይወደዋል፤ ግንበኛ አይወደውም። ቤት በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ሲቆም በየዓመቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። አጠገቡ ትልቅ ዛፍ ካለ ደግሞ ዛፉ በበጋ ከአንድ ማዕዘን ሥር ውሃውን ይመጠዋል፤ አፈሩ በዚያ በኩል ብቻ ይኮማተራል፤ ማዕዘኑ ይወርዳል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ብዙዎቻችን ሥሩ ቤቱን እንደ ክሪክ እየገፋ የሚያነሣው ይመስለናል። አጥርና የእግረኛ መንገድ ላይ እውነት ነው፤ ሙሉ ቤት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚመጣው በመግፋት ሳይሆን በመጠጣት ነው። እንግሊዞች ይህን የተማሩት በ1976 እ.ኤ.አ. በደረሰባቸው ትልቅ ድርቅ ነው፤ በሸክላ አፈር ላይ የቆሙ፣ ዛፍ የተጠጋቸው ብዙ ቤቶች በአንድ በጋ ተሰነጠቁባቸው።

የትግራይ ክልል በ1997 እ.ኤ.አ. ባሕር ዛፍ በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል የከለከለውም ዛፉ ውሃና አፈር ይሻማል ተብሎ ነው። ለከተማ ግቢ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለም። የምንተክለው እንደ ልባችን ነው።

በሦስተኛው ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ ዕቃ ቤት ገባሁና ከበሩ ጀርባ የተሸጎጠ የጨው ጆንያ አደናቀፈኝ። ጠዋት «ይህ ሁሉ ጨው ለምንድን ነው?» ስላት እህቴ ፊቷ ተለዋወጠ። አንድ ወዳጅ መክሯት ነው። በሌሊት በአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ጨው በፈላ ውሃ መጨመር፤ ዛፉ በጥቂት ወር ውስጥ «በራሱ» ይደርቃል፤ ማንም አያውቅም።

ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። የጨው ነጋዴ ልጅ! ከዚያ ግን አብረን ተቀምጠን አለቀስን። ነገሩ ክፋት ብቻ ሳይሆን ሞኝነትም ነው። ጨው የገባበት አፈር ለዓመታት ምንም አያበቅልም፤ ጨው በድንጋዩና በልስኑ ውስጥ እየተሳበ ሲወጣ ግድግዳውን እንደ ዱቄት ይፈረፍረዋል። ደግሞም ዛፉን በአንድ ጊዜ መግደል ሌላ ጣጣ አለው። ሠላሳ ዓመት ሲጠጣው የኖረውን ውሃ የሚጠጣ ሲጠፋ አፈሩ መልሶ ያብጣል። የወረደው ማዕዘን ይነሣል፣ ሌላ ስንጥቅ ይመጣል። ይህን የነገረን ልጁ ነው። እናቱ «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» ብትለው «መቼ ጠየቅሽኝ?» አላት። ወላጆች፣ አስተምረናቸው ስናበቃ የማንጠይቃቸው ለምን እንደሆነ እንጃ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ አደይ ሄድኩ። ቡና እያፈሉ ነበር፤ እንደሚጠብቁኝ ያስታውቃል፣ ሦስት ሲኒ ቀርቧል። ስመው ካስቀመጡኝ በኋላ «ጓለይ፣ ዛፉን ልታስቆርጪ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«ግድግዳውን ላይ ነው የመጣሁት፣ አደይ። እርስዎም መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

ዝም ብለው እጣኑን አስተካከሉ። እህቴ አጥር ላይ ቆማ ስለ ፍርድ ቤት እንደጮኸችባቸው እንጂ አንድ ቀን «ግቡና እዩት» እንዳላለቻቸው ነገሩኝ። ሁለተኛውን ሲኒ ጠጥተን ተነሡ። በትራቸውን ይዘው በእኛ በር ሲገቡ እህቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ቆመች። ማንም አልተናገረም። አደይ መዳፋቸውን ስንጥቁ ላይ አድርገው ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። «ይኼን የእኔ ዛፍ ነው ያደረገው?» አሉ። «ገና አላወቅንም፤ ቆፍረን እንይ» አልኩ። «ቆፍሩ» አሉ። እህቴ ወንበር አመጣችላቸው። ነገሩ የተፈታው እዚያ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ የቀረው ጉልበት ነው።

ስለ ፍርድ ቤት ካነሣሁ አይቀር ይህንም ልበል። እህቴ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ኮፒ አድርጋ ይዛለች። አንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን ጉዳቱን ያደረሰው ዛፉ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ከሳሹ ነው፤ እኛ ደግሞ አንድ አካፋ አፈር ሳናነሣ ነው ልንከስ ያሰብነው። ብንሄድ ኖሮ ምን ዓይነት ውርደት እንደሚገጥመን አሁን አንብቡት።

ሁለት ቀን ሠራተኞችና አንድ ግንበኛ ይዘን በማዕዘኑ በኩል አስቆፈርን። አንድ ሜትር ሲወርዱ ክንድ የሚያህሉ ሁለት ሥሮች ተገኙ። እህቴ «ይኸው!» አለች። ልጁ ግን «ቆይ፣ ወዴት እንደሚሄዱ እንይ» አለ። ሥሩን እየተከተሉ በእጅ ጫሩ። ወደ ቤቱ መሠረት አልዞሩም። ከመሠረቱ ጎን ለጎን ሄደው ሄደው አንድ ቦታ ላይ ተጠመዘዙ። እዚያ ጋ አፈሩ ሌላ ነው፤ ዙሪያው እንደ ድንጋይ ደርቆ ሳለ ያ ቦታ ጭቃ ነው፣ ይሸታል። የመታጠቢያ ቤቱ የቆሻሻ ውሃ ቱቦ መገጣጠሚያው ተላቋል። ቱቦውን ሲሰብሩት ውስጡ ሥር ሞልቶታል፤ ቀጭን፣ ቀይማ፣ እንደ ተበጠረ ፀጉር ድፍን ብሎ።

ይህን መታጠቢያ ቤት ያሠራሁት እኔ ነኝ።

በ2007 ዓ.ም. እናቴ ሰማንያ ሲሞላት ሌሊት ወደ ውጭ ሽንት ቤት ስትወጣ ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ። የአዛውንት የዳሌ አጥንት ስብራት ምን እንደሚያደርግ በሥራዬ አይቻለሁና ከአዲስ አበባ ገንዘብ ልኬ «መኝታ ቤቷ አጠገብ በፍጥነት ይሠራላት» አልኩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው አደርጋለሁ። ግን መጥቼ አላየሁትም። ርካሹ ቱቦ ተገዛ፣ ተዳፋቱ በቂ አልሆነም፣ መገጣጠሚያው በደንብ አልተያዘም፣ ሳይፈተሽ አፈር ለበሰ። በዚህ በደረቀ ከተማ፣ ሰው ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ ቀን እየቆጠረ በሚጠብቅበትና ቦቴ በሚያስጠራበት አገር፣ እኛ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአጥሩ ሥር የሚያንጠባጥብ ምንጭ ከፍተን ነበር። ሥር ውሃ ፍለጋ አይዞርም፤ ባገኘበት በኩል ግን ይበረታል። አባቴ ያለው ልክ ነው፣ ውሃ የያዘ ሁሉን ያዘ። የሚፈሰው ውሃ መሠረቱን በአንድ በኩል ሲያለሰልስ፣ በውሃው የተጠራው ሥር በሌላ በኩል ሲያደርቅ፣ ማዕዘኑ በሁለቱ መካከል ቀረ።

ለአደይ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። እያፈርኩ ነው። ሰምተው ሲጨርሱ «እንግዲያ በእናትሽ መታጠቢያ ነዋ ሲጠጣ የኖረው!» ብለው ሳቁ። ከመጣሁ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን የሚጠቅመው ካለ ልንገራችሁ። ሁለቱን ሥሮች ቆረጥን፣ ግን ከግንዱ ሦስት ሜትር ርቀን። ወደ ግንዱ ተጠግቶ ወፍራም ሥር መቁረጥ ዛፉ በነፋስ እንዲወድቅ ማድረግ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚወድቀው በጣራችን ላይ ነው። ልጁ እንዳለው ቢያንስ የግንዱን ውፍረት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ መራቅ ያስፈልጋል። የአደይን ዛፍ ግንድ በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ስንለካው 1 ሜትር ተኩል ሆነ፤ ይህ ማለት ውፍረቱ 48 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ሜትር ይበቃል። በመጥረቢያ ሊመቱት ሲሉ ከለከልኩ፤ በመጋዝ ይቆረጥ አልኩ። የተቀዳደደ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ ይህ ለሰውም ለዛፍም ነው። ከላይም ቅርንጫፉን በልኩ አቀለልነው፤ ሥር የጎደለበት ዛፍ ያንን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልም። በሌላው በኩል ያሉትን ሥሮች አልነካናቸውም። መነካት ካለባቸው ለሚቀጥለው ዓመት።

ከአጥሩ ጋር ትይዩ አራት ሜትር ርዝመት ያለው ቦይ ተቆፍሮ ወፍራም ፕላስቲክ ተነጠፈበትና በቀጭኑ ኮንክሪት ተሞላ። ፕላስቲኩንና አዲሱን ቱቦ የገዛነው አዲ ሐቂ ገበያ ነው። እግረ መንገዴንም ሕምባሻ የምትሸጥ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን አገኘሁና ግማሽ ቀን ጠፋሁባቸው፤ ግንበኛው ቱቦ ሲጠብቅ ዋለ። አዲሱን ቱቦ አፈር ከማልበሳችን በፊት ጫፉን ደፍነን ውሃ ሞላንበትና ከፍታውን ምልክት አድርገን አንድ ሰዓት ጠበቅን። አልጎደለም። ይህን ሙከራ በ2007 አንድ ሰው ቢያደርግልኝ ኖሮ!

የሽንት ቤቱን ጉድጓድም አስከፍቼ አየሁት፤ ሥር አልገባበትም። ይህን የማሳስባችሁ እንደ ጤና ባለሙያ ነው። ሥር የሰነጠቀው ጉድጓድ ወይም ቱቦ የሚያፈሰው ከመጠጥ ውሃ መስመር አጠገብ ከሆነ፣ የቧንቧው ውሃ በተቋረጠ ቁጥር ቆሻሻው በላላ መገጣጠሚያ ሊገባ ይችላል። ቤት ውስጥ ትንሽ የልጅ ልጅ ካለና ተቅማጡ እየተመላለሰ ካስቸገረ መድኃኒቱን ብቻ አትከታተሉ፤ ጓሮውንም ተመልከቱ። እርጥብ የሆነ፣ በበጋ ለብቻው የለመለመ ቦታ ካለ ምክንያት አለው።

የጣራው አሸንዳም ወልቆ ወድቆ ነበር፤ የክረምቱ ውሃ በሙሉ በዚያው በታመመው ማዕዘን ላይ ነበር የሚወርደው። «አሸንዳ እንግዛ» ስል የእህቴ ትንሿ ልጅ በደስታ ዘለለች። ለእሷ አሸንዳ ማለት ነሐሴ ላይ ተሸልመው የሚጫወቱበት የልጃገረዶች በዓል ነው። የጣራ ውሃ መውረጃ ቆርቆሮ መሆኑን ስታውቅ የነበረባትን ብስጭት ብታዩት።

ግድግዳውን አላስለሰንነውም። እህቴ እንግዳ ሲመጣ ታፍራለች፤ ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ በጋ ሳያልፍ ልስን ማድረግ ቁስልን ሳያጠቡ መጠቅለል ነው።

አደይ ቁፋሮው ባለበት ቀን ሁሉ ወንበራቸውን አጥሩ ሥር እያስወጡ ይቀመጡ ነበር። የተቆረጡትን ሥሮች ሠራተኞቹ ሊወስዱ ሲሉ አንዷን ለእኔ ተዉልኝ አሉ። ክንድ የምታህል ናት። አድርቀው ቡና ሊቆሉባት ይሆን ወይስ ሊያስቀምጧት አላልኳቸውም። ከመሄዴ በፊት ስሰናበታቸው ከማድጋው ጎን ቆማ አየኋት፤ ተጠርጋ፣ አፈሯ ተራግፎ።

አንድ ጊዜ ጎንደር የፋሲል መዋኛን አይቻለሁ። የዛፍ ሥር የግንቡን ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጦ ይዞታል፤ ጎብኚው ሁሉ እዚያ ጋ ፎቶ ይነሣል። እኔም ተነሥቻለሁ። አብሮኝ የነበረ ሰው «ዛፉ ግንቡን ደግፎት ነው ወይስ እየበላው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ያን ጊዜ መልሱ አልገባኝም፤ ከመቀሌው ጉድጓድ አፋፍ ቆሜም ያው ጥያቄ ነው የመጣብኝ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ እህቴ በየወሩ በመጀመሪያው ቀን በምስማሮቹ መካከል ያለውን እየለካች ትደውልልኛለች። በሰኔ አልተንቀሳቀሰም። በሐምሌ አንዱ ጀሶ ተሰነጠቀና ደንግጠን ነበር፤ ስትለካው ግን የሰፋ ሳይሆን የጠበበ ሆኖ ተገኘ። መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ማዕዘኑ እየተመለሰ ነው። በጥቅምት 2017 ስንጥቁ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ወርዷል። ልጁ «እስከ ሚቀጥለው ግንቦት እንዳትደሰቱ» ብሎናል፤ በበጋ መልሶ ሊከፈት ስለሚችል። ዛፉ በእኛ በኩል ጥቂት ቅጠል አራግፎ እንደገና አቆጥቁጧል።

ያን የጥቅምቱን ቁጥር የነገረችኝ ከአደይ ቤት ሆና ነው። ከስልኩ ጀርባ የሲኒ ድምፅ ይሰማል። «ጨውስ?» አልኳት ትዝ ብሎኝ።

«ግማሹን በርበሬ ላይ አደረግሁት። ግማሹን ለአደይ ሰጠኋቸው» አለች።

«ለምን እንደገዛሽው ነገርሻቸው?»

ትንሽ ዝም አለች። «ነገርኳቸው» አለች። ከዚያ ስልኩን ለአደይ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም «ጓለይ፣ ለገና ትመጫለሽ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።